ነጥቦቹን ሳታይ መስመር ለማታሰምር ባለሙያ

የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁና ዳታ ሰብስባችሁ «አሁንስ ምን ላድርገው?» የምትሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። አንዲት የስታቲስቲክስ ባለሙያን በአደባባይ ላመሰግን ነው የምጽፈው። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አልጠቅሰውም። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን እሷን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ጥናቴ የእድሜንና የደም ግፊትን ግንኙነት የሚያይ ነው። ስካተር ፕሎት (እያንዳንዱን ታካሚ በአንድ ነጥብ የሚያሳይ ግራፍ) ላይ የሪግሬሽን መስመር፣ ማለትም የነጥቦቹን አጠቃላይ አዝማሚያ የሚያሳይ መስመር ያስፈልገኝ ነበር። ማስመሩ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ግራፉን ሁለቴ ጠቅ ታደርጋላችሁ፣ ቻርት ኤዲተር ይከፈታል፣ ኤለመንትስ ውስጥ ገብታችሁ ፊት ላይን አት ቶታል ትላላችሁ፤ አለቀ። ጂጂፕሎት (አር የሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ውስጥ ያለው የግራፍ መሥሪያ) የምትጠቀሙ ግን ልብ በሉ፦ መስመሩን የሚያወጣውን ትዕዛዝ፣ ጂኦም ስሙዝን፣ «ኤልኤም» (ቀጥ ያለ መስመር) ብላችሁ ካላዘዛችሁት፣ ዳታው ከ1000 ነጥብ በታች ሲሆን የሚያወጣላችሁ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ሎየስ የሚባለውን ጥምዝ ነው።

እሷ መጀመሪያ መስመሩን ትታ ነጥቦቹን ብቻ አወጣች። «እስኪ ዝም ብለሽ እያቸው» አለችኝ። ከዚያ አር ውስጥ አብረው የሚመጡትን የስታቲስቲክስ ሊቁን የአንስኮምብን አራት ዳታዎች ከፈተች፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የታተሙ ናቸው። የአራቱም መስመር አንድ ነው፦ ከ3 ይነሳል፣ ኤክስ በ1 በጨመረ ቁጥር ዋይ በ0.5 ይጨምራል። ኮሪሌሽናቸውም (ኤክስና ዋይ ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ቁጥር) 0.82 ገደማ ነው። ነጥቦቹ ሲታዩ ግን አንዱ ደህና ነው፣ አንዱ ጎብጧል፣ አንዱን አንዲት ነጥብ ጎትታዋለች። የመጨረሻው ላይ ደግሞ ከአንዷ በቀር ሁሉም ነጥቦች አንድ ኤክስ ላይ ተደርድረዋል። መስመር ብቻውን ምን ያህል እንደሚደብቅ ያኔ ገባኝ።

የእኔም ዳታ ላይ በስተቀኝ ጥግ አንዲት ነጥብ ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን «አውትላየር ነው»፣ ማለትም ከሌሎቹ የራቀች ነጥብ ናት ብሎ ይሰርዛት ነበር። እሷ ግን የታካሚው መረጃ የተሞላበትን ቅጽ አስመጣችና አመሳከረች። ቁጥሩ ትክክል ሆነ፤ በእድሜ የገፉ ታካሚ ነበሩ። ስለዚህ ነጥቧ ቀረች። መስመሩን ከነጥቧና ያለነጥቧ ሠርተን ሁለቱንም ሪፖርቱ ውስጥ አስገባን። አማካሪዬም የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ መልሱ በእጄ ስለነበር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

በመስመሩ ዙሪያ ያለውን ጥላም ያስረዳኝ ሰው እሷ ናት። ጥላው ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል ያሳያል፦ ጠባቡ የአማካዩ ነው፣ ሰፊው የአንድ ግለሰብ ነው። በእነዚህ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለታካሚ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ አትሳሳቱ፣ ጽሑፋችሁን ሠርታ አትሰጣችሁም። አጠገባችሁ ተቀምጣ እያንዳንዱን ትዕዛዝ ታስጽፋችኋለች፣ ለምን እንደሆነም ታስረዳለች። እኔ አሁን ግራፉን ለብቻዬ ከዜሮ ጀምሬ አወጣዋለሁ።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ወደ እሷ የምትሄዱ ጥሬውን ዳታና ቅጾቹን ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።