በጎርጎራ በኩል ወፍ ለማየት ካሰባችሁ ይህን ልጅ ይዛችሁ ሂዱ

የጎንደር ሰዎች፣ በአደባባይ ላመሰግነው የሚገባ ሰው አለ። ጎርጎራ አካባቢ ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው፤ ታንኳ ይቀዝፋል፣ እንግዳም ያስጎበኛል። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን በደስታ እሰጣለሁ።

ጥቅምት ማለቂያ ላይ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ወፍ ለማየት ወርደን ነበር። ጎርጎራ የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳልሞ፣ ዓሣውን በልቶ ይመለሳል። እኛ የፈለግነው ደንቢያ ውስጥ፣ ጣና ሲሸሽ የሚቀር አንድ ትንሽ ረግረግ ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ ቀላል ነው። ፈተናው ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ባጃጅ የቻለው ድረስ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ በእግር ዋልካውን መያያዝ ነው። ክረምቱ አልፎም ጫማ ይዞ ያስቀራል። ዋልካው ሲያልቅ ደግሞ በታንኳ ደንገል ለደንገል።

መንገዱን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ግን እሱን ነው ያየሁት።

ባለዘውዷን ክሬን፣ ያችን እግረ ረጅም ትልቅ የረግረግ ወፍ፣ ያገኘናት ገና በጠዋቱ ነው። እርጥቡ ሣር ውስጥ ጥንድ ሆነው ይለቅማሉ። አናታቸው ላይ ወርቅማ ጭራ የመሰለ ዘውድ፣ ጉንጫቸው ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀላ ያለ። ልጄ ለፎቶ ጠጋ ልትል ስትል እጁን ዘረጋ። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ይብቃን» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንገቷን ቀጥ አድርጋለች፣ ሰግታለች ማለት ነው። ጎንበስ ብላ መልቀም እስክትጀምር እንቁም።» ቆምን። እግራችን ጭቃ ውስጥ፣ ትንኙ ፊታችን ላይ። ጥቂት ቆይታ ጎንበስ አለች። ከዚያማ ጭራሽ ረሱን። አንደኛው ክንፉን ዘርግቶ ዘለለ፣ ሌላኛዋ መለሰችለት፤ ፊት ለፊት ሆነው ይጨፍሩ ጀመር። ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ፣ «ሲነሱ ፎቶው ያምራል» ብሎ ወፎቹ ላይ ድንጋይ የወረወረ አስጎብኚ አጋጥሞኛል። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። ባለዘውዷ ክሬን በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት አንዷ ናት። ጎጆዋን የምትሠራው እዚሁ ረግረግ ሣር ውስጥ ነው፤ ረግረጉ ከደረቀ መፈልፈያ የላትም። ግራጫዎቹ ክሬኖች ደግሞ በዚያ ሰሞን ገና መግባታቸው ነው። ከሩሲያና ከምሥራቅ አውሮፓ በኩል በርረው ደክመው የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ እንግዳ በድንጋይ ይቀበሏል?

ታንኳው ላይ ሆነን ያየነውን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጣቶቿ እጅግ ረጃጅም የሆኑ፣ ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ የምትራመድ ቡናማ ወፍ አለች፤ ጃካና ይሏታል። ልጁ መቅዘፊያውን አቁሞ «ክንፉ ሥር እዩ» አለን። በባይኖኩላር ሳይ ከአባትየው ክንፍ ሥር ቀጫጭን እግሮች ተንጠልጥለዋል። የጫጩቶቹ እግሮች ናቸው! በዚህ ወፍ ዘንድ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቱን የሚያሳድገውም አባት ነው፤ አደጋ ሲሰማው ክንፉ ሥር ሸክፎ ይሄዳል። ልጄ ባይኖኩላሩን አልመልስም ብላ አስቸገረችን።

የልጁን ጨዋነት ደግሞ ከገበሬዎቹ ጋር ሲሆን እዩት። ባህር ሸሹ ላይ፣ ማለትም ጣና ሸሽቶ በለቀቀው መሬት ላይ፣ ሽምብራና ጓያ ተዘርቷል። አቋርጠን ብንሄድ መንገዱ ያጥር ነበር፤ እሱ ግን በድንበሩ ዙሪያ ወሰደን። «የሰው ሽምብራ ረግጠን ወፍ አናይም» አለ። ያገኘውን አባወራ ሁሉ ቆሞ በወጉ ሰላም ይላል። ለእረኞቹ ልጆች ባይኖኩላሩን አውልቆ ይሰጣቸዋል፣ እነሱም በተራቸው ወፎቹ ዛሬ የት እንዳደሩ ይነግሩታል። ወፍ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

እምቦጭ ባየ ቁጥርም ከሥሩ ይነቅላል። ነቅሎ ውኃው ላይ አይተወውም፣ ደረቅ መሬት ላይ አውጥቶ ይጥለዋል፤ ውኃ ካገኘ ዳግም ይበቅላላ። ይህ አረም ጣና ላይ መጀመሪያ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ፣ በዚሁ በሰሜኑ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ ጣና በሚገባበት በኩል ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ተብሎ ተመዝግቧል። እንደዚህ ልጅ ያለውን ሥራዬ ብሎ የሚይዘው አካል ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ።

ክፍያውን ከመነሳታችን በፊት ቁርጡን ተናገረ። ስንመለስ ሳንቲም አልጨመረም፣ ጉርሻውንም ለምነነው ነው የተቀበለን።

ለመሄድ ያሰባችሁ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፣ መጪዎቹ ወፎች ያን ጊዜ ነው ያሉት። መንገዱ ሰላም መሆኑን ቀድማችሁ ጠይቁ። ቦቲ ጫማ፣ ኮፍያና ዝርዝር ብር ያዙ፤ ደማቅ ልብስ አትልበሱ። ለልጁ ማታ ማታ ደውሉለት፣ ቀን ቀን ረግረጉ ውስጥ ስለሚሆን ኔትወርክ አያገኝም።