ኒስኳሊ፦ ሰዓቱን ላወቀ 3 ዶላር፣ ላላወቀ ጭቃ

ከሲያትል በአይ-5 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ነድታችሁ፣ ታኮማን አልፋችሁ፣ ኤግዚት 114 ላይ ውጡ። መሃል ሲያትል ኤግዚት 164 አካባቢ ነው፤ የኤግዚቱ ቁጥር ማይል ስለሚቆጥር መንገዱ 50 ማይል ገደማ መሆኑን ስልክ ሳታወጡ ታውቃላችሁ። የቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ኒስኳሊ የዱር እንስሳት መጠለያ እዚያው ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ነው። የቀን መግቢያው 3 ዶላር ነው። በአንድ ክፍያ እስከ አራት አዋቂ ይገባል፤ 16 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይከፍልም። እናትና አባት፣ አያትና ሦስት ልጆች ከአንድ ማኪያቶ ባነሰ ዋጋ ይገባሉ ማለት ነው።

ዋጋው እንዲህ ሆኖ እያለ ተናደው የሚመለሱ አሉ፤ ምክንያቱም ሰዓቱን ሳያዩ ይሄዳሉ። እዚህ ሁሉን የሚወስነው ታይድ ነው (ሳሙናውን አይደለም)። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል፤ ሁለቱ ሙላቶች እኩል ከፍታ የላቸውም፤ ሰዓታቸውም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ስለዚህ «ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ሄደን እንዴት ያምር ነበር» የሚል ወዳጅ ምክሩ በሳምንቱ አይሠራም። የቀኑ 50 ደቂቃ ሰባት ጊዜ ሲደመር ስድስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረውም፤ ያው አራት ሰዓት ጉድለት ላይ ይወድቃል። የዚያን ቀን የታይድ ሰንጠረዥ አይታችሁ፣ ውኃው ጫፍ ከመድረሱ ሁለት ሰዓት አስቀድማችሁ መኪናችሁን አቁሙ። ውኃው እየወጣ ሲመጣ ከሩቁ ጭቃ ላይ የሚለቅሙትን ዳክዬዎችና ወፎች እየገፋ ጎብኚ ወደሚሄድበት የእንጨት መተላለፊያ ያቀርባቸዋል። ክረምት ላይ ዝቅተኛው ጉድለት ብዙውን ጊዜ ሌሊት ስለሚሆን፣ ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ በቀን ብርሃን ጥሩ ሙላት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በጋ ላይ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፀሐዩ ያምራል፣ የሚታየው ግን ጭቃ ይበዛል።

መንገዱ ሜዳ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን አሮጌ ጎተራዎች የሚዞረው የ1 ማይል መንገድ አለ፤ ከዚያ ግማሽ ማይል ያህል የጠጠር መንገድ፣ ቀጥሎም ወደ ባሕሩ የሚዘልቀው፣ በ2011 የተከፈተው የ1 ማይል የእንጨት መተላለፊያ ይቀጥላል። ደርሶ መልስ 4 ማይል ያህል ነው። ጋሪ የሚገፋም ሆነ ዊልቸር ያለው ይችለዋል፤ ዝናብ ወይም ውርጭ ሲሆን ግን እንጨቱ ያንሸራትታል። ነፋሱ ከባሕር ላይ የሚመጣ ስለሆነ መኪና ማቆሚያው ላይ የበቃ ጃኬት ጫፍ ላይ አይበቃም።

ልጆቹን «ሳልሞን ሲዘል እናያለን» ብላችሁ ካመጣችኋቸው ታፍራላችሁ። ትልልቁን ሳልሞን ለማየት በኦክቶበር ኢሳኳ ያለው የዓሣ ማራቢያ ይሻላል። እዚህ ያሉት ጣት የሚያካክሉ ጫጩቶች ናቸው። በፀደይ ከወንዙ ወርደው፣ ሰውነታቸው ጨው እስኪለምድ፣ በመተላለፊያው ሥር በሚያልፉት ጠባብ ቦዮች ውስጥ ነፍሳት እየበሉ ሳምንታት ይቆያሉ። ቦዩ ከሌለ ጫጩቱ ሳይጠነክር ባሕር ይገባል፤ ያኔ የሌላ ዓሣ ቁርስ ይሆናል።

ቦዮቹ ደግሞ ለመቶ ዓመት ያህል ተዘግተው ነበር። በ1904 ብራውን የሚባል ገበሬ መሬቱን ገዝቶ ባሕሩን በአፈር ግድብ አገደው፤ ጎተራዎቹም የዚያ እርሻ ቅሪት ናቸው። ግድቡ ፈርሶ 762 ኤከር ለባሕሩ የተመለሰው በ2009 ነው። ሥራው የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም። የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት አለበት፤ በአጠገቡ የራሱን መሬት አስቀድሞ የከፈተው የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ የኒስኳሊ ነገድ፣ አለበት፤ ዳክስ አንሊሚትድም አለበት። ዳክስ አንሊሚትድ አዳኞች የመሠረቱት ማኅበር ነው። ዳክዬ የሚተኩስ ሰው ለዳክዬ ረግረግ ይሠራል ወይ ለሚል፣ ረግረጉ ከሌለ የሚተኮስበትም የለም።

ስሙን ለመጠለያው የሰጠው ቢሊ ፍራንክ ነገዱ በ1854 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በገባው ውል ያስጠበቀውን ዓሣ የማጥመድ መብት ይዞ መረቡን እየጣለ ከ50 ጊዜ በላይ የታሰረ የነገዱ ተወላጅ ነው። የመጀመሪያው እስር በ14 ዓመቱ ነበር። በ1974 ዳኛ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የነገዶቹ ነው ብለው ፈረዱ። ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ ከፍርድ ቤት ወደ ጠረጴዛ የዞረው። በ1987 የተቋቋመው የኒስኳሊ ወንዝ ምክር ቤት ነገዱን፣ ካውንቲዎችን፣ የግድብ ባለቤቶችንና በአቅራቢያው ያለውን የጦር ሠፈር አብሮ ያስቀምጣል። ሠፈሩ ሲመሠረት በ1917 የነገዱ መሬት ትልቅ ክፍል ተወስዶለታል። እሳትና ጭድ የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሥራው ግን አልተጨረሰም፤ መተላለፊያው ላይ ቆሞ የቀረውን ማየት ይቻላል። ከግድቡ ጀርባ የነበረው አፈር ለመቶ ዓመት ደለል ስላላገኘና ስለደረቀ ሰጥሟል፤ ብዙ ቦታ ላይ ሣር ሳይሆን ባዶ ጭቃ የምታዩት ለዚህ ነው። ከፍ እንዳይል ደግሞ የሬኒየር ተራራ የበረዶ ግግር የሚያወርደውን ደለል ከወንዙ ላይኛው ክፍል ያለው የአልደር ግድብ ያስቀረዋል። ሌላው እንቅፋት ራሱ አይ-5 ነው፤ በአፈር ሙሌት ላይ ስለተሠራ ወንዙን አንቆ ይዞታል። ሙሌቱን አንስቶ መንገዱን በረጅም ድልድይ የማሳለፍ ዕቅድ አለ። እስከዚያው የጭነት መኪናው ድምፅ ይከተላችኋል፤ ከአምስት ኮከብ አንዱን የምንቀንሰው በዚህ ነው።

ውሻ ማስገባት፣ ብስክሌት መንዳት፣ መሮጥም ክልክል ነው። በዳክዬ አደን ወቅት የመተላለፊያው የመጨረሻ 700 ጫማ ይዘጋል፤ የጥይት ድምፅ ብትሰሙ በአጎራባቹ መሬት ላይ ያለ ሕጋዊ አደን ነውና አትደንግጡ። መተላለፊያው ላይ ሽንት ቤት የለም፤ ልጆቹን ጎብኚዎች ማዕከሉ ጋ አስቀድማችሁ ውሰዱ። ማዕከሉ ሰኞና ማክሰኞ ዝግ ነው። ግቢው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚዘጋ በዲሴምበር ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚደርስ ሰው ጫፉን ሳያይ ይመለሳል።