ለደብረ ብርሃኗ የጨቅላ ሕፃናት ሲስተር ምስጋና፣ ለወላጆችም ጥቆማ

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለጊዜዋ የተወለደች ልጅ ይዛችሁ የሪፈር ወረቀት የተሰጣችሁ ወላጆች ካላችሁ፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ጨቅላ ሕፃናት ክፍል አንዲት ሲስተር አለች። ስሟ እንዲጻፍ አልፈለገችም። እጇን ታጥባ እስኪሞቅ እያፋተገች ካልሆነ ሕፃን የማትነካዋ የትኛዋ ናት ብትሉ ግን ማንም ያሳያችኋል።

ልጃችን ደብረ ሲና በሰባት ወሯ ተወለደች፤ 1,300 ግራም። አምቡላንሱ የጣርማ በርን ዳገት በጉም ውስጥ ሲወጣ አማቴ እመቤታችንን ይጣራሉ፣ እኔ ዝም ብያለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለቀብር ነበር፤ ማዕተቤንም ያኔ ፈትቼዋለሁ።

ሲስተሯ ሰብካኝ አታውቅም። ሐኪም ቤት ውስጥ የሚሰብክ ሰው ዛሬም አልወድም። ያየሁት ሥራዋን ነው። የልጄ ክንድ የእኔን አውራ ጣት አያክልም። ሲስተሯ መብራቱን አስጠግታ "በስመ አብ" ብላ ደም ሥር ትፈልጋለች፤ አልገኝ ሲላት መርፌውን አስቀምጣ እግሯን በቀስታ ታሻሻለች፣ እንደገና ትሞክራለች። ለምን እንዲያ እንደምትል ጠየቅኋት። "የምወጋው እኔ ነኝ፤ የሚያሳየኝ እሱ ነው" አለችና ፕላስተሩን ለጠፈች።

ዘመዶቻችን ልጅቱን አስወጥተን ጻድቃኔ ማርያም ጸበል እንድንወስዳት ሲወተውቱን፣ "ኦክስጅኗን ነቅላችሁማ የትም አትሄድም" ያለችው እሷ ናት። ለሴት ልጅ ሥርዓቱ ሰማንያ ቀን ቢሆንም፣ ለሕይወቷ የምታሰጋ ሕፃን ቀድማ መጠመቅ እንደምትችል የነገረችንም እሷው። ካህኑ መጡ። እንደ ማንኛችንም በሳሙና አስታጠበቻቸው።

ልጅቱ ከኦክስጅን ስትወጣ "አባቷ፣ ሸሚዝዎን ያውልቁ" አለችኝ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ። ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ያደረገችውን ልጅ ደረቴ ላይ አስተኝታ በነጠላ አሰረችልኝና ጋቢ ደረበችብን። ሙቀት ክፍል ሲሞላ የሚደረግ የድሃ መላ መስሎኝ ነበር። በእርግጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ሲጀመር ምክንያቱ የማሞቂያ እጥረት ነበር። ዛሬ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ልጁ እንደተወለደ እንዲጀመር ይመክራል። እናት ስትደክም አባት ይተካል።

እንዲህ ያለች ልጅ መተንፈስ ትረሳለች። "ደረቷ ጸጥ ካለ ውስጥ እግሯን እሽት ያድርጉ፤ ካልተመለሰች ይጥሩኝ" አለችኝ። ሌሊቱን ትንፋሽ መቁጠር ያዝኩ፤ መቁጠር ሥራዬ ነው። በቁጥሩ መካከል ግን "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ገባ፤ በልጅነቴ ምሕላ ላይ 41 ጊዜ ስንል በጣቴ አንጓ እቆጥረው የነበረው። ቁጥሩን መቼ እንደተውኩት አላስታውስም። የማናግረው እንዳለ ግን አወቅሁ፤ እንቢ ሊለኝም እንደሚችል እያወቅሁ። ከጎናችን የነበሩት ባልና ሚስት ልጃቸውን አጥተዋል። የእኔ ጸሎት ተሰምቶ የእነርሱ አልተሰማም የሚል እምነት የለኝም፤ የሚል ቢመጣም አልቀበለውም። ያን ቀን ሲስተሯ ፈረቃዋ አልቆ እንኳ ከእናቲቱ አጠገብ አልተነሳችም።

ልጄ አሁን ጡቷን በራሷ ትጠባለች፣ ክብደትም ጨምራለች። እኔም ማዕተቤን አስሬያለሁ።

ለምትሄዱ ወላጆች፦ ሁለት ጋቢ፣ የሕፃን ኮፍያና ካልሲ ያዙ። እናትየዋ ወተቷን በየሦስት ሰዓቱ ማለብ አታቋርጥ፤ ትንሽ ቢሆንም። ሕፃኗ ጡት እንቢ ካለች፣ ሰውነቷ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰ፣ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰች እስኪነጋ አትጠብቁ። ለሲስተሯ ገንዘብ እንዳትሰጡ፤ ትቆጣለች። በደብረ ሲና የምታልፉ ከሆነ ግን ቆሎ ግዙላት። እሱን አትመልስም።