ሚኒባስ ታክሲ ላይ የሚያቁነጠንጠው የትኛው ወንበር ነው?

ከመገናኛ አያት መንገዱ ክፍት ሲሆን የትም ቢቀመጡ ያው ነው። ሲዘጋጋ ግን ተሳፋሪው ሁሉ መቁነጥነጥ ይጀምራል። ይህን ከትዕግሥት ማጣት የሚቆጥሩት አሉ፤ አይደለም። ቁጭ ስንል ክብደታችን በብዛት የሚያርፈው መቀመጫችን ውስጥ ባሉት ሁለት አጥንቶች ላይ ነው። ስፖንጁ የሞተ እንደሆነ በአጥንቱና በብረቱ መካከል ያለው ሥጋ ይጨመቃል፣ ደም እንደ ልብ አይዘዋወርም፣ እግር ይደነዝዛል። መድኃኒቱ ትንሽ መነቃነቅ ነበር፤ ሚኒባስ ላይ የታጣውም እሱ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቶዮታ ሃያስ፣ የተለመደው ጠባቡ፣ ከውጭ ሲለካ ስፋቱ 1.70 ሜትር ገደማ ነው። የአንድ ጎልማሳ ትከሻ 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆን አራት ሰው 180 ይፈልጋል። ስለዚህ የኋላው አግዳሚ ላይ አራት ሰው የሚሄደው አንዱ ጎንበስ፣ አንዱ ደገፍ ብሎ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል የሚጣላው ከተሳፋሪ ሳይሆን ከሜትር ጋር ነው። በዚያ ላይ አግዳሚው ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከሁሉም ይልቅ የሚዘለው እሱ ነው። ወገብ ለሚያመው ሰው አይመከርም።

ከሁሉ የከፋው ሞተር ላይ፣ ማለትም ከሾፌሩ ጀርባ ወደ ኋላ ዞረው የሚቀመጡበት ወንበር ነው። ሃያስ ሞተሩ ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ ሙቀቱ ቀጥታ ወደ ላይ ይመጣል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ነፋስ ስለማያገኝ ይብሳል። ጀርባ የሚደገፈው የሾፌሩን ወንበር ብረት ነው፣ ጉልበት ፊት ለፊት ከተቀመጠው ሰው ጉልበት ጋር ይጠላለፋል፣ ወደ ኋላ ዞሮ መሄድ ራሱ አንዳንዱን ያጥወለውላል። ለአጭር መንገድ እንጂ ለረጅም አይሆንም። ቂቤ የያዘ ፌስታል እዚያ ወለል ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ቤቱ የሚደርሰው ዘይት ይዞ ነው።

ጋቢና በር በኩል አንደኛ ነው፤ እግር ይዘረጋል፣ መስኮቱም በእጅ ነው። መሃል ጋቢና ግን በስም ጋቢና ነው፤ ማርሹ ከወለል የሚነሳ ከሆነ ሾፌሩ በቀየረ ቁጥር ጉልበት መሰብሰብ ግድ ነው።

በሩ አጠገብ ያለው ታጣፊ ወንበር ጠባብ ነው፤ ማጠፊያው ሲላላ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፣ ወራጅ ባለ ቁጥርም መነሳት አለ። መካከለኛው ረድፍ መስኮት በኩል፣ ወለሉ በጎማው ምክንያት ያበጠበት ቦታ ላይ ካልዋለ፣ ከጋቢና ቀጥሎ ይመረጣል። ከመቀመጥ በፊት ግን ፊት ያለውን ክፍተት ማየት ነው። መካከለኛ ቁመት ያለው ወንድ ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ 60 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ትርፍ ረድፍ የተበየደበት መኪና ላይ ይህ ስለማይገኝ ሰው ገደድ ብሎ ይቀመጣል፤ ወገብ የሚጣመመው እዚህ ነው።

ባለንብረቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ሽፋኑን ብቻ ሲያስቀይሩ ነው። አዲሱ ላስቲክ ያብረቀርቃል፣ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ያው የሞተው ነው፤ ሙቀት ሲሆን ደግሞ ላብ ያስይዛል። በሞተው ላይ ለስላሳ መደረብም አያዋጣም፤ ወንበሩ ከፍ ይልና አጭር ሰው እግሩ ይንጠለጠላል፣ የወንበሩ ጠርዝ ጭኑን ከሥር ይቆርጠዋል። አሮጌውን ነቅሎ ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ፣ ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ለስላሳ ማድረግ፣ የፊቱን ጠርዝም ክብ አድርጎ ማስቆረጥ ነው። ሲረከቡ በጡጫ ጫን ብሎ መሞከር፤ ብረቱ ከተሰማ ሥራው አልተሠራም።