የዲውቲ ፍሪ መጠጥ፦ ነፃ የወጣው ከማን ቀረጥ ነው?

ኤርፖርት ውስጥ መጠጥ መደርደሪያ ላይ የተለጠፈው «ቀረጥ ነፃ» የሚል ጽሑፍ ዋናውን ነገር አይናገርም፤ ጠርሙሱ ነፃ የወጣው ከየትኛው አገር ቀረጥ ነው? መልሱ ከምትነሱበት አገር ነው። የምትወርዱበት አገር ጉምሩክ የራሱ ልክ አለው፤ ከልኩ ያለፈውን ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ይወርሳል። ስለዚህ አገልግሎቱን ለመመዘን ሱቁን ብቻ ማየት አይበቃም፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን መድረሻም ማየት ነው። ያው ባለ አንድ ሊትር ብላክ ሌብል ውስኪ አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ዋሺንግተን ለሚወርድ ከወጪ ቀሪ ብዙም አይደለም፤ ሪያድ ለሚወርድ መዘዝ ነው።

ከአዲስ አበባ እንጀምር። ወደ ኢትዮጵያ በንግድ የሚገባ ውስኪ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ ይጣላል፣ ኤክሳይስ (እንደ መጠጥ ባሉ ዕቃዎች ላይ የሚጣል ልዩ ግብር) ይታከላል፣ በዚያ ድምር ላይ 15 በመቶ ቫት፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ፣ ማለትም ተጨማሪ ግብር። አንዱ በሌላው ላይ ስለሚሰላ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ብቻ 25 ሳይሆን 26.5 በመቶ ይሆናሉ፤ ያውም ቀረጥና ኤክሳይስ አስቀድሞ ባሳበጠው ዋጋ ላይ። የአስመጪውና የሱቁ ትርፍ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «አንድ ውስኪ ይዘህልን ና» የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አሜሪካ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። የፌዴራሉ ኤክሳይስ ለጠንካራ መጠጥ በአንድ ፕሩፍ ጋሎን 13.50 ዶላር ነው። ፕሩፍ ጋሎን ማለት 50 በመቶ አልኮል ያለው አንድ የአሜሪካ ጋሎን፣ ማለትም 3.785 ሊትር። ባለ 40 በመቶ አንድ ሊትር ውስኪ 0.211 ፕሩፍ ጋሎን ስለሚሆን የፌዴራሉ ግብር 2.85 ዶላር ይመጣል። በቃ። የስቴቱ ግብርና የሽያጭ ታክሱ ቢታከልም ዲውቲ ፍሪ ሊቀንስላችሁ የሚችለው የግብር መጠን ትንሽ ነው። ሱቁ ደግሞ ለኤርፖርቱ ውድ ኪራይ ይከፍላል፣ ያንን ከእናንተው ነው የሚያወጣው። ወይን ላይማ ይብሳል፤ እስከ 16 በመቶ አልኮል ላለው ወይን የፌዴራሉ ግብር በጋሎን 1.07 ዶላር ነው፣ ለአንድ ባለ 75 ሳንቲ ሊትር ጠርሙስ 21 ሳንቲም። ከቦሌ አክሱማይት ወይም ጉደር የሚገዛ ሰው ለናፍቆቱ ይግዛ እንጂ ግብር ለመቆጠብ ብሎ አይድከም።

ዋጋ ስታወዳድሩ በጠርሙስ አታወዳድሩ። ዲውቲ ፍሪ ውስጥ ያለው አብዛኛው ባለ 1 ሊትር ነው፤ አሜሪካ ሱቅ ያለው 75 ሳንቲ ሊትር፣ አውሮፓ ያለው 70። ኤርፖርት ላይ 42 ዶላር ያያችሁት ባለ ሊትር፣ ሰፈራችሁ 30 ዶላር ከሚሸጠው ባለ 75 ጋር ቢነጻጸር ርካሹ የሰፈራችሁ ነው፤ 30ን ለ0.75 ስታካፍሉት በሊትር 40 ዶላር ይመጣል። የአልኮሉን መጠንም እዩ፣ አንዱ 40 ሌላው 43 ሊሆን ይችላል። «ለመንገደኛ ብቻ የተዘጋጀ» የሚል ያጌጠ ካርቶን ያለው ውስኪ ብዙ ጊዜ ዕድሜው አልተጻፈበትም። ውጭ የሚያወዳድሩት አቻ ስለሌለውም ርካሽ ይሁን ውድ ማወቂያ የለውም፤ ለስጦታ ካልሆነ ይቅር። ዋሺንግተንና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ከየት ሱቅ ጋር እንደምታወዳድሩ ለዩ። ቨርጂኒያ ጠንካራ መጠጥ የሚሸጠው በስቴቱ መደብር ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግን የያዘው የሞንትጎመሪ ካውንቲም በራሱ መደብሮች ይሸጣል። ዲሲ ግን ነጋዴው በነፃ ይወዳደራል፣ ማወዳደሪያችሁ የዲሲው ዋጋ ይሁን።

ክፍያው ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍራንክፈርት ወይም ዱባይ ላይ የአሜሪካ ካርድ ስትሰጡ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በአገሩ ገንዘብ?» ብሎ ይጠይቃል። በዶላር ካላችሁ ምንዛሪውን የሚወስነው የማሽኑ ባለቤት ነው፣ ልዩነቱም ለእናንተ አይመችም። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ምረጡ።

ወደ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የሚገባው ለአንድ ሰው 1 ሊትር ነው፣ ዕድሜው 21 ለሞላ። የአሜሪካ ነዋሪ ከጉዞ ሲመለስ ያለ ቀረጥ በሚያስገባው የ800 ዶላር ዕቃ ውስጥ ይቆጠርለታል፤ ለጉብኝት የምትመጣ እናትም የራሷ አንድ ሊትር አላት። ባልና ሚስት ሁለት ሊትር ማለት ነው፣ ልጆቹ ግን አይቆጠሩም። ብዙ ሰው የሚስተው ይህ አንድ ሊትር የሁሉም መጠጥ ድምር መሆኑን ነው፦ ውስኪው አንድ ሊትር ከሆነ ወይኑ ትርፍ ነው። «ሁለት ሲገዙ ቅናሽ» የሚለው ማስታወቂያ ለብቻው የሚጓዝ ሰው ላይ የሚሠራው ይህን በማያውቅ ላይ ነው። ትርፉን ማስገባት ግን ወንጀል አይደለም፤ ለግል ፍጆታ እስከሆነ ድረስ ተናግሮ መክፈል ነው። የ40 ዶላር ሁለተኛ ጠርሙስ ጉምሩክ ለመንገደኛ ዕቃ በሚያስከፍለው 3 በመቶ ወጥ ተመን 1.20፣ ከኤክሳይሱ 2.85 ጋር 4.05 ዶላር ያህል ያስከፍላል። ለአራት ዶላር ብሎ ሳይናገር የሚያልፍ ሰው ነው ሞኙ፤ ሲገኝበት ጠርሙሱም ይወሰዳል፣ ቅጣቱም ይከተላል።

አሁን ዋናው ብልሽት የሚደርስበት ቦታ ጋ መጥተናል፤ ትራንዚት። ከፍተሻ በኋላ የተገዛ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ እንዳይያዝ የሚለውን ክልከላ የሚያልፈው በታሸገው ከረጢት ምክንያት ነው። ከረጢቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ሆኖ ዳር ዳሩን ቀይ መስመር አለው፤ አፉ ሙጫ ነው፣ ከተከፈተ መከፈቱ ያስታውቃል። ደረሰኙ ከውስጥ፣ ቀኑና ቦታው በፕላስቲኩ አልፎ እንዲነበብ ሆኖ መግባት አለበት። ሻጮች ሲጣደፉ ደረሰኙን በእጃችሁ ይሰጧችሁና ከረጢቱን ያለ ደረሰኝ ያሽጉታል። ከባንኮኒው ሳትርቁ እዩት፤ ሙጫው ከተለጠፈ በኋላ ማስተካከያው አዲስ ከረጢት ብቻ ነው። ስትገዙም የቀጥታ በረራ ይሁን ትራንዚት ያለው ንገሯቸው፣ ቦርዲንግ ፓሱንም ሁለቱንም አሳዩ።

አዲስ አበባ ተነስቶ ዋሺንግተን ደለስ ኤርፖርት ወርዶ ወደ ዳላስ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚቀጥል ሰው ደለስ ላይ ፓስፖርት ያስመታል፣ ሻንጣውን ከቀበቶው ያነሳል፣ ጉምሩክ ያልፋል፣ ሻንጣውን መልሶ ያስረክባል፣ ከዚያ እንደገና ይፈተሻል። ጠርሙሱን ወደ ሻንጣ የሚከቱት በጉምሩክና በማስረከቢያው መካከል ባለችው አጭር ርቀት ላይ ነው። እዚያ ያለፋችሁ እንደሆነ የቀራችሁ የታሸገው ከረጢት ብቻ ነው፤ እሱም የሚሠራው ከተገዛ 48 ሰዓት ካልሞላውና የፍተሻ ማሽኑ ካሳለፈው ነው። ሸክላ፣ ብረት ወይም ብርሃን የማያሳልፍ ጠርሙስ ማሽኑ ስለማያየው በእጅ አያልፍም። ያ በወርቅ ቀለም ያሸበረቀ የሸክላ ጠርሙስ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትነሱ ሻንጣው መሃል የአንድ ጠርሙስ ቦታ፣ ሁለት ኪሎም ክፍት አድርጉ፤ ሙሉ ባለ ሊትር ጠርሙስ አንድ ኪሎ ተኩል አካባቢ ይመዝናል።

አስተሻሸጉ ላይ፦ የዕቃ ክፍሉ አየር ግፊቱ የተጠበቀ ስለሆነ የታሸገ ውስኪ በከፍታ ብቻ አይፈነዳም። የሚሰብረው አወራወሩ ነው። ክዳኑን በፕላስተር ዙሩት፣ አንገቱን ካልሲ አልብሱት፣ ጠርሙሱን በሁለት ፌስታል ቋጥሩና በጋቢ ጠቅልላችሁ ከሻንጣው ግድግዳ አርቁት። በርበሬና ሽሮው በሌላ ሻንጣ ይሂድ፤ ውስኪ የጠጣ ሽሮ ማንም አይበላውም።

በሚረከበው ሻንጣ የሚገባውን መጠን የሚወስነው የበረራ ደህንነት ሕግ ነው፣ ከጉምሩኩ ጋር አታምታቱት። እስከ 24 በመቶ አልኮል ያለው ገደብ የለውም። ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው ለአንድ ሰው 5 ሊትር፣ በፋብሪካው እሽግ። ከ70 በላይ በእጅም በሻንጣም ክልክል ነው። በሃይላንድ የተሞላ የደብረ ብርሃን አረቄ የሚወድቀው «በፋብሪካው እሽግ» የሚለው ላይ ነው፤ ስንት በመቶ እንደሆነም የሚመሰክር ጽሑፍ የለውም። ጠጅ የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ ይፈቀዳል፣ ችግሩ ሌላ ነው፦ ያልተጣራ ጠጅ እርሾው በሕይወት ስላለ መንገድ ላይም መፍላቱን አይተውም፣ ጋዙም ክዳኑን ይገፋል። ጠጅ ከተያዘ በደንብ የተጣራና የታሸገ የፋብሪካ ይሁን።

አውሮፓ ልኩ ሰፋ ይላል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጣ ዕድሜው 17 ለሞላ ሰው ከ22 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ 1 ሊትር፣ ወይም ከዚያ የለዘበ 2 ሊትር፣ በተጨማሪም 4 ሊትር ወይንና 16 ሊትር ቢራ ይፈቀዳል፤ እዚህ ውስኪውና ወይኑ አይሻሙም። በኅብረቱ አባል አገሮች መካከል ግን ዲውቲ ፍሪ ከሐምሌ 1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ከፍራንክፈርት ወደ ስቶክሆልም የሚሄድ ሰው በዚያው ሱቅ ግብሩ ያለበትን ዋጋ ይከፍላል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አይከፍልም። ብሪታንያ ከ2021 ወዲህ 4 ሊትር ጠንካራ መጠጥ፣ 18 ሊትር ወይንና 42 ሊትር ቢራ ትፈቅዳለች፤ ለጋስ ናት፣ ግን ከአንዱ ዓይነት ካለፋችሁ የምትከፍሉት በትርፉ ሳይሆን በዚያ ዓይነት ሙሉ መጠን ላይ ነው። እስራኤል 1 ሊትር ጠንካራ መጠጥና 2 ሊትር ወይን ነው። ከቤን ጉሪዮን ለሚነሳ ሰው ጥሩ አገልግሎት አለ፤ ሲሄዱ ገዝተው ሲመለሱ መረከብ። ከረጢትም ትራንዚትም አያሳስብም፤ በዚህ ግምገማ ያለ ማንገራገር የምናመሰግነው እሱን ነው።

ዱባይ ለአንድ ሰው 4 ሊትር ወይም ሁለት ካርቶን ቢራ ትፈቅዳለች፤ ሲደርሱ ከሚገዙበት ሱቅም መውሰድ ይቻላል። ልብ በሉ፣ ቤታችሁ ሻርጃ ከሆነ ነገሩ ተለወጠ፤ እዚያ መጠጥ መያዝ ራሱ ክልክል ነው። ሳዑዲና ኩዌት መንገደኛ አንድ ጠብታም አያስገባም፣ ኳታርም ለሚገባ ሰው እንደዚያው። ከዶሃ ሲወጡ መግዛት ይቻላል፤ ወደ ዶሃ ይዞ መግባት አይቻልም። ጄዳ ለሚሄድ ሰው ውስኪ የሚሸጥ ሠራተኛ አያስጠነቅቅ ይሆናል፣ ያ ግን እዚያ ስትወርዱ ምክንያት አይሆናችሁም።

በረራው ላይ ከረጢቱን ቀዶ መቅመስ ሁለት ጊዜ ያስከስራል። ማኅተሙ ስለተቀደደ በሚቀጥለው ፍተሻ ጠርሙሱ አያልፍም፤ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ በአሜሪካ አየር መንገዶች አውሮፕላን ውስጥ አስተናጋጅ ያልቀዳውን መጠጥ መጠጣት ይከለክላል።