ኤፍል ማማ፣ ኮሎሲየም፣ ሳግራዳ ፋሚሊያ ወይስ አክሮፖሊስ? አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው የቀረበ ንጽጽር

አውሮፓን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው ከፎቶ ነው፤ ፎቶው ላይ ያማረውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊያዳርስ ይነሣል። የእኛ መነሻ ሌላ ነው፦ ትኬት ተቆርጦ ሊገባበት የሚገባው የትኛው ነው? ከውጭ ታይቶ የሚበቃውስ የትኛው? የፓሪሱን ኤፍል ማማ፣ የሮሙን ጥንታዊ የተጋዳዮች ስታዲየም ኮሎሲየምን፣ የባርሴሎናውን ቤተ ክርስቲያን ሳግራዳ ፋሚሊያንና የአቴንሱን ጥንታዊ የቤተ መቅደስ ኮረብታ አክሮፖሊስን በዚህ ሚዛን እናያቸዋለን። ዋጋዎቹ የአዋቂ መደበኛ ዋጋ ናቸው። ከዓመት ዓመት ስለሚጨምሩ ከመክፈላችሁ በፊት የየቦታውን የራሱን ድረ ገጽ ተመልከቱ።

መጀመሪያ ቪዛው

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ምርጫውን የሚወስነው ቪዛው ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን የሸንገን ቪዛ (ብዙዎቹን የአውሮፓ አገሮች በአንድነት የሚያስገባው) ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ተደርጓል። ስለዚህ የሚሰጣችሁ የአንድ ጊዜ መግቢያ ነው ብላችሁ አስቡ። አራቱም ቦታዎች በሸንገን አገሮች ውስጥ ስለሆኑ በአንዱ ቪዛ ከአንዱ ወደ ሌላው መዘዋወር ይቻላል። ለንደንን መሀል ላይ ማስገባት ግን አይቻልም፦ እንግሊዝ የራሷን ቪዛ ትጠይቃለች፣ ከፓሪስ አንዴ ወደ ለንደን የተሻገረ ሰውም በዚያው ቪዛ ተመልሶ ፓሪስ አይገባም። ከሮም ወደ አቴንስ ከሸንገን ውጭ ባሉት በአልባኒያ ወይም በሰርቢያ በኩል በአውቶቡስ ልሂድ የሚልም እዚያው ችግር ውስጥ ይገባል፤ በአውሮፕላን፣ ካልሆነም ከጣልያኗ ባሪ ወደ ግሪኳ ፓትራስ በምትሄደው መርከብ ይሻገር።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና ኢንሹራንስም ያስፈልጋል። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ መጀመሪያ ለምትገቡበት። ሮም አራት ሌሊት፣ ፓሪስ ሦስት ሌሊት የያዘ ሰው ፋይሉን ለጣልያን ያስገባል። ለፈረንሳይ ቢያስገባ የሆቴሉ ማስያዣ ራሱ ይመሰክርበታል። በገልፍ አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ይዛችሁ የምትኖሩ እዚያው ከምትኖሩበት ማመልከት ትችላላችሁ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ስለሚገባ ይህ ክፍል አይመለከተውም።

ቪዛውና የመግቢያ ትኬቱ የሚጋጩበት ቦታም አለ። የኤፍል ማማ የሊፍት ትኬት ለሽያጭ የሚወጣው ከጉብኝቱ 60 ቀን በፊት ነው፤ የኮሎሲየም ደግሞ 30 ቀን በፊት። ቪዛው እስከ 45 ቀን ከወሰደ፣ ሁለት ወር ሲቀረው ያመለከተ ሰው የኤፍልን ትኬት ቪዛውን ሳያውቅ መግዛት አለበት፤ ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻ እስከ 6 ወር ቀድሞ ማስገባት ስለሚፈቀድ፣ 4 ወር ሲቀረው ማስገባት ይህን ሁሉ ያስቀራል።

መግባት ወይስ ከውጭ ማየት?

ከአራቱ ከውጭ ብቻ ቢታይ የሚበቃው ኤፍል ማማ ነው። ይህን የምንለው ማማውን ለማሳነስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1889 የተከፈተው፣ 330 ሜትር የሚረዝመው ይህ የብረት ሥራ ከሥሩ ቀና ብለው ሲያዩት በእርግጥ ያስደንቃል። ነገር ግን ማማው ላይ የወጣ ሰው ፓሪስን የሚያየው ያለ ማማው ነው። ለመውጣት የጸጥታ ፍተሻ፣ ከዚያ የሊፍት ሰልፍ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደገና ወደ ጫፍ የሚወስደው ሊፍት ሰልፍ፣ ሲወርዱም ሌላ ሰልፍ አለ፤ ጫፍ ድረስ የሚወጣ ሰው እስከ ሦስት ሰዓት ይሄድበታል። ጫፉ በንፋስ ወይም በሰው ብዛት ሊዘጋ ይችላል። ዋጋው በደረጃ እስከ ሁለተኛው ፎቅ 15፣ በሊፍት እስከ ሁለተኛው 23፣ እስከ ጫፍ 36 ዩሮ አካባቢ ነው። መውጣት የግድ ነው ካላችሁ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አቁሙ፦ በ116 ሜትር ላይ ሉቭር ሙዚየምን፣ ኖትር ዳም ካቴድራልን፣ ድልድዮቹን ለይቶ ማወቅ ይቻላል፤ በ276 ሜትር ላይ ከተማዋ ጠፍጥፋ ካርታ ትሆናለች። ጉልበት ላለው ሰው 674ቱ ደረጃዎች በዋጋም በሰልፍም ይሻላሉ።

ማማውን ከነከተማዋ ማየት የሚፈልግ የድል ቅስቱ፣ አርክ ደ ትሪዮንፍ፣ ላይ ይውጣ። 284 ደረጃ ነው፤ ከላይ ሲታይ አሥራ ሁለቱ ጎዳናዎች ከእግር ሥር ይዘረጋሉ፣ ማማውም ፊት ለፊት ይቆማል። በነጻ ለሚያይ ደግሞ በሜትሮ ቁጥር 6 ወይም 9 ትሮካዴሮ መውረድ ነው። ከመሸ በኋላ በየሰዓቱ መግቢያ ላይ ማማው ለ5 ደቂቃ ያብለጨልጫል። በሰኔና በሐምሌ ፓሪስ የምትጨልመው ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ ልጆች ይዞ የሚሄድ ሰው መብራቱን ቶሎ በሚመሽበት በብርድ ወራታቸው ቢያየው ይቀለዋል። እዚያው አካባቢ መሬት ላይ በሦስት ኩባያ ኳስ የሚያዞሩ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ ዙሪያውን ቆመው ሲያሸንፉ የምታዩአቸው ግብረ አበሮቻቸው ናቸውና አትጠጉ። ወረቀት ይዞ ፈርሙልኝ የሚል ከመጣም እጃችሁን ኪሳችሁ ላይ አድርጋችሁ እለፉ።

ሳግራዳ ፋሚሊያ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ከውጭ ብቻ አይቶ የተመለሰ ዋናውን አላየም። ግንባታው እ.ኤ.አ. በ1882 ተጀምሮ በዓመቱ አርክቴክቱ ጋውዲ የተረከበው ይህ ቤተ ክርስቲያን በምእመናን መዋጮና በጎብኚ ትኬት የሚሠራ ነው። ውስጡ ሲገቡ ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ወደ ላይ ሄደው ቅርንጫፍ ያወጣሉ፤ ጋውዲም ያሰበው ይህንኑ ነው። ጠዋት በምሥራቅ በኩል ያሉት መስኮቶች ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ያስገባሉ፤ ከሰዓት በኋላ የምዕራቦቹ ቀይና ብርቱካናማውን ወለሉ ላይ ያፈስሱታል። ስለዚህ የሰዓት ምርጫው ከዋጋው በላይ ነው፦ ጠዋት 3 ሰዓት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ያዙ፣ እኩለ ቀንን ተዉት። መደበኛው 26 ዩሮ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ማማዎች ወደ አንዱ መውጣት ሲጨመር 36። ለመጀመሪያ ጉብኝት ማማውን አንመክርም። በሊፍት ተወጥቶ በጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ በእግር ይወረዳል፣ ከ6 ዓመት በታች ልጅ አይፈቀድም፣ የአየሩ ሁኔታ ሲበላሽም ይዘጋል። የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ትከሻ ሸፍኖ መግባት ያስፈልጋል።

አክሮፖሊስም መውጣትን ይጠይቃል፤ ግን ምን እንደምታገኙ አስቀድማችሁ እወቁ። ከ447 እስከ 432 ዓመተ ዓለም የተሠራው ዋናው ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖን፣ በዙሪያው ይታያል እንጂ ውስጡ አይገባም፤ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥገና ስለማያቋርጥም ክሬን ወይም የብረት መወጣጫ በፎቶአችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትኬቱ 30 ዩሮ ነው፤ ከኮረብታው ሥር ያለው ሙዚየም ለብቻው ይከፈልበታል። ብዙ ሰው የሚቸገረው በሁለት ነገር ነው። አንዱ ድንጋዩ ነው፦ እብነ በረዱ በዘመናት እግር ተሞልጦ እንደ መስታወት ሆኗል፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይፈልጋል። ሁለተኛው ሙቀቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጥላ የለም፤ ሙቀቱ ሲከፋ ከእኩለ ቀን እስከ ከሰዓት 11 ሰዓት ድረስ የሚዘጋበት ቀን አለ። አክሮፖሊ ከሚባለው የሜትሮ ጣቢያ አጠገብ ያለው የደቡብ ምሥራቅ በር ከዋናው የምዕራብ በር ሰልፉ ያጥራል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ፊሎፓፑ ኮረብታ ላይ ቢወጣ ፓርተኖንን ፊት ለፊት በነጻ ያየዋል።

ኮሎሲየምን አንደኛ ያደረግንበት ምክንያት

በ18 ዩሮ የሚገኘውን ያህል የትም አይገኝም። መደበኛው ትኬት ኮሎሲየምን፣ የሮማውያን ፎረምን (የጥንቱን ከተማ አደባባይ) እና የፓላቲን ኮረብታን ለ24 ሰዓት ይይዛል። የተጋዳዮቹን ሜዳ የሚጨምረው 24 ዩሮ ነው። ከመሬት በታች ያሉትን መተላለፊያዎች የሚያሳየው ቀድሞ የሚያልቀው ስለሆነ እሱን የሚፈልግ ሽያጩ በሚከፈትበት ሰዓት ኮምፒዩተሩ ፊት ይገኝ። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል፤ ሆኖም የዜሮ ዩሮ ትኬት በስሙ መቆረጥ አለበት። ይህን ያልሰሙ ወላጆች በር ላይ ይቸገራሉ።

ሰዓት የሚቆረጠው ለኮሎሲየም ብቻ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ግቡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚያ በሳን ግሬጎሪዮ ጎዳና ባለው በር ወደ ፓላቲን ውጡና ከላይ ወደ ፎረም ውረዱ። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት በሙቀት ቀን ያደክማል። ፎረምና ፓላቲን የሚያስገቡት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ምሳ ልብላና ልመለስ ብሎ የወጣ ተመልሶ አይገባም። ውኃ ከየመንገዱ ቧንቧ ይቀዳል፤ ንጹሕ ነው፣ አይከፈልበትም። ሻንጣና ትልቅ ቦርሳ አይገባም፣ የሚረከብም የለም፤ ከአውሮፕላን ጣቢያ ቀጥታ አትምጡ።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ከፓላቲን በር ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ብትራመዱ ፖርታ ካፔና አደባባይ ትደርሳላችሁ፤ የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የቆመው እዚያ ነበር፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ከሆነው ሕንጻ ፊት። ሐውልቱ በ2005 አገሩ ገብቶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ደግሞ በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣልያን ወታደሮች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። ሁለቱም ትኬት የላቸውም፤ ታሪካቸውን የሚያውቅ ሰው ግን ሊያልፋቸው አይገባም።

ትኬቱ ላይ የሚሳሳቱ ነገሮች

ኮሎሲየም ላይ ትኬቱ ስም አለው፣ በር ላይም ከመታወቂያ ጋር ይመሳከራል። ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደሰፈረው፣ ፊደሉንም የአባትና የአያት ስም ቅደም ተከተሉንም ሳትለውጡ ጻፉ። አውሮፓ ያለ ዘመድ በካርዱ ቢገዛላችሁም የሚገባው የተጓዡ ስም ነው። ሰዓቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሚጻፍ 09:00 ጠዋት 3 ሰዓት፣ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ ያረፈደ ሰው ላይገባ ይችላል። በኢንተርኔት ስትፈልጉ ከላይ ማስታወቂያ ሆነው የሚመጡት ገጾች አብዛኞቹ ቸርቻሪዎች ናቸው፤ ያንኑ ትኬት እጥፍ ይሸጡታል።

ማን የቱን ይምረጥ?

አምስት ቀን ብቻ ያለው ሮም ላይ ይቁም፣ ከተማ አይቀይር። ጉልበት የሚያማቸው እናትና አባት ይዞ ለሚሄድ ሳግራዳ ፋሚሊያ ይቀላል፤ ወለሉ ሜዳ ነው። አቴንስን ለጥቅምት ወይም ለመጋቢት አስቀምጡት። ዘጠኝ ቀን ያለው ሮምን ከፓሪስ ወይም ሮምን ከባርሴሎና ያጣምር። ፓሪስና ባርሴሎናን ቀጥታ ባቡር ያገናኛቸዋል፣ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሮምም ወደ ፓሪስም ስለሚበር፣ በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት የመልስ መንገዱን ያስቀራል። ከጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድንበር ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ቪዛ የማያስፈልገው ተጓዥ አሻራም ይሰጣል፤ ሰልፉም ይረዝማል። በዚያው ቀን የሚቀጥል በረራ ያለው ሰው በመካከሉ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተው።