ፋሲል ግቢን በግንበኛ ዓይን፦ የጉብኝት ግምገማ

ጎንደር ከተማ ወዳለው የነገሥታቱ ግንቦች ቅጥር፣ ወደ ፋሲል ግቢ ገብቶ በአንድ ሰዓት ተኩል መውጣት ይቻላል፤ ብዙው ጎብኚ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ይህን ፋሲል ሠራው፣ ያንን ኢያሱ ሠራው እየተባለ ንጉሥ በንጉሥ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። ለዚህ ብቻ ቢሆንም የመግቢያ ገንዘቡ አያስቆጭም። ግቢው ግን ከዚህ እጅግ የበለጠ የሚያሳየው አለ። ዛሬ የቆመው ግንብ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ ሳይነካ የቆየ አይደለም። ተዘርፏል፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ተሰንጥቋል፣ በቦምብ ተመትቷል፣ በሲሚንቶ ተለጥፏል፣ ሲሚንቶው ተፈልፍሎ እንደገና በኖራ ተገጥሟል። ጉብኝቱን ምርጥ የሚያደርገው ይህን ለውጥ በግድግዳው ላይ ለይቶ ማየት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ግቢው ወደ 70,000 ካሬ ሜትር ይሰፋል፤ 900 ሜትር ገደማ የሚረዝም አጥር ግንብ ይከበዋል። በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር ብቻውን አልነበረም። የፋሲል መዋኛ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያለበት ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ከከተማው ርቀው ያሉት ጉዛራና ጎርጎራም አብረውት ተመዝግበዋል። ስለዚህ ግማሽ ቀን ለግቢው፣ ሌላ ግማሽ ቀን ለመዋኛውና ለቁስቋም መመደብ ይገባል። ከዚያ ያነሰ ጊዜ ያለው ሰው ሁሉንም ከሚያጣድፍ ግቢውን ብቻ ረጋ ብሎ ቢያይ ይሻለዋል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት የፋሲል ግንብ ነው። አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ የተሠራ፣ በግቢው ካሉት ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከፍታው 32 ሜትር ገደማ ይባላል። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት የደፉ ክብ ማማዎች ቆመውበታል። ግድግዳው ባዛልት የሚባል ጥቁር ጠንካራ ድንጋይ ሲሆን የበርና የመስኮት ቅስቶቹ ግን ቀላ ካለ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ እንዳይመስላችሁ። ባዛልት በመዶሻ ሲመታ በፈለገው በኩል ይፈነከታል እንጂ በቀላሉ ጥርት ያለ ጠርዝ አይሰጥም። ቀዩ ድንጋይ በመሮ ይቀረጻል፣ ለቅስት በሚመች ልክ ይስተካከላል። ጠንካራው ክብደቱን ይሸከማል፣ ለስላሳው ቅርጹን ይይዛል። ዝናብ መጀመሪያ የሚበላውም ይህንኑ ለስላሳውን ነው፤ በየዘመኑ የተጠገኑ ቦታዎችን ለማግኘት ቅስቶቹን ማየት የሚቀለው ለዚህ ነው።

ምድር ቤቱ የግብር መብያና የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የዳዊት ኮከብ ተቀርጾበት ይታያል። ከላይ ያለው የንጉሡ የጸሎት ክፍል በአራቱም አቅጣጫ መስኮት አለው፣ በየመስኮቱም አድባራት ይታያሉ። እዚህ ላይ ቀና ብሎ የጣሪያና የወለል እንጨቶቹን ማየት ያስፈልጋል። የወራጁ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ የተቀበረ ስለሆነ ከላይ የሚያፈስ ውሃ ካለ መጀመሪያ የሚበሰብሰው ያ የማይታየው ጫፍ ነው። መሐሉ ደህና መስሎ ሳለ ጫፉ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ከሁሉ በፊት የሚጠገነው ጣሪያውና አሸንዳው እንዲሆን ባለሙያዎች የሚወተውቱት በዚህ ምክንያት ነው። ከላይ ውሃ እያፈሰሰ ከታች ግድግዳ መለሰን ገንዘብ መበተን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ድንጋዩ መገጣጠሚያ እንምጣ። እነዚህ ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ ያለው ጋዝ (ካርቦን ዳይኦክሳይድ) ይወጣና ያልበረደ ኖራ ይቀራል፤ ውሃ ሲጨመርበት እየፈላ ይበርዳል፤ ከዚያ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ቢያንስ ሦስት ወር በውሃ ተሸፍኖ ይቆያል። ለግንብ ሥራ የተለመደው ልክ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ የታጠበ፣ ከደቃቅ እስከ ሻካራ የተሰባጠረ አሸዋ ነው። ግድግዳው ላይ ከዋለ በኋላ ከአየር ያንኑ ጋዝ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። ችግሩ ዝግታው ነው፦ ከፊቱ ወደ ውስጥ በወር አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይጠነክራል ተብሎ ይገመታል። ጎንደር ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አያባራም። በሰኔ ዋዜማ የተገጠመ ኖራ ሳይጠነክር ዝናብ ይመታዋል፣ ነጭ እንባ እያዘራ ይወርዳል፣ በጥቅምት ሲነኩት ይፈረፈራል። ትክክለኛው የሥራ ወቅት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ያኔም ፀሐዩ በበኩሉ ጠላት ነው፤ ቶሎ ያደረቀው ኖራ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ እርጥብ ጆንያ ለብሶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ውሃ እየተርከፈከፈበት መሰንበት አለበት።

መገጣጠሚያ ሲታደስ ደግሞ አሮጌው ከስፋቱ ሁለት እጥፍ በሚያህል ጥልቀት ይፈለፈላል፣ ትቢያው ይጠረጋል፣ ድንጋዩ ውሃ እስኪጠግብ ይረጫል፣ ከዚያ አዲሱ ኖራ እየተጠቀጠቀ በንብርብር ይገባል። ሰነፍ ሥራ የሚታወቀው በላዩ ብቻ ሲቀባ ነው። ባልተፈለፈለ መገጣጠሚያ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ንጣፍ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ቅርፊት ሆኖ ይረግፋል።

ሲሚንቶ የገባው በጣሊያን ዘመን ነው። ከ1936 እስከ 1941 ጣሊያኖች ጎንደርን ሲይዙ ፒያሳን ዛሬ ባለው መልኩ ገነቡ፣ ግንቦቹንም በሲሚንቶና በብረት በተጠናከረ ኮንክሪት ጠገኑ። በጊዜው ዘመናዊው ጥገና ይኸው ነበር፤ ወደ መፍረስ ያዘነበለ ግድግዳንም ይዞ አቆይቶ ይሆናል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ የመጣ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይስባል፣ በኖራው በኩል ተንፍሶ ያወጣዋል። መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን ውሃው መውጫ ያጣና በራሱ በድንጋዩ በኩል ይወጣል። ይዞት የመጣው ጨው ድንጋዩ ፊት ላይ እየረጋ ይፈረፍረዋል። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ሲዝግ ያብጣል፣ ያቀፈውንም ይሰነጥቃል። ይህን በቅርብ ለማየት ሲሚንቶው ሳይነሣ የቀረበት ቀይ ድንጋይ መፈለግ ነው፦ መገጣጠሚያው እንደ ሸንተረር ወደ ውጭ ወጥቶ፣ ድንጋዩ ከኋላው ተበልቶ ጎድጉዶ ይታያል። ኖራ ያለበት ቦታ ግን የሚጎደጉደው መገጣጠሚያው ነው፤ ድንጋዩ ጠርዙን እንደያዘ ይቆያል። የሚተካ ነገር ተበልቶ የማይተካው ቢተርፍ ትክክለኛው ሥርዓት እሱ ነው። በ1970ዎቹ በተካሄደው ጥገና ሲሚንቶው እየተነሣ በኖራ የተተካው በዚህ ምክንያት ነበር።

ቀጥሎ የቀዳማዊ ኢያሱ ግንብ አለ፤ በግቢው ካሉት ሁሉ እኛን የሚስበን ይህ ነው። ኢያሱ (1682–1706) ግድግዳውን በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ አስጊጠውት እንደነበር ይነገራል። የ1704ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 እንግሊዞች ጣሊያንን ከጎንደር ለማስወጣት ሲዋጉ የጣሉት ቦምብ ጣሪያውን ወሰደው። ጣሪያ አልባ መሆኑ ግን ለሚማር ሰው ትልቅ መጽሐፍ ነው። በሌሎቹ ግንቦች በልስን የተሸፈነው እዚህ ተገልጦ ይታያል፦ የግድግዳው ውፍረት፣ በሁለቱ ፊቶች መካከል የታጨቀው ፍርክስካሽ ድንጋይና ኖራ፣ የጣሪያው ቅስት ከግድግዳው የሚነሣበት መስመር፣ የወለል እንጨት የገባባቸው ቀዳዳዎች። ጣሪያ ይመለስለት የሚል ሐሳብ ሲነሣ ይሰማል፤ እኛ አንደግፈውም። ያለበትን ይዞ የግድግዳውን አናት ውሃ እንዳያስገባ በኖራ መድፈን፣ በየዓመቱ የሚበቅለውን ቡቃያ ከክረምት በኋላ መንቀል ይበቃዋል።

የቀሩትን በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የአፄ ዳዊት የመዝሙር አዳራሽ፣ የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣ፣ የአንበሶቹ ቤት በተራ ይመጣሉ። ከእነዚህ ውስጥ ቆም ማለት የሚገባው እቴጌ ምንትዋብ ግንብ ላይ ነው። በፋሲልና በምንትዋብ ግንቦች መካከል መቶ ዓመት ገደማ አለ። በመቶው ዓመት ውስጥ ክብደቱ ቀለለ፣ ጌጡ በዛ፤ በምንትዋብ ግንብ ግድግዳ ላይ የጎንደር መስቀሎች ተቀርጸው ይታያሉ። ሁለቱን ተከታትሎ ያየ ሰው የጎንደር ግንብ አሠራር አንድ ወጥ እንዳልነበረ ያለ አስረጂ ይገባዋል።

ስለ ቅርቡ እድሳት ብዙ ተብሏል። ክርክሩ በዋናነት መልኩ ላይ ነበር፦ ግንቡ ነጣ፣ የለመድነው ጥቁር ቡናማ ጠፋ የሚል። የሰዉ መደንገጥ ይገባናል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው መልክ ነውና። ያ ጥቁረት ግን ግንበኛ የቀባው አይደለም፤ የዝናብ፣ የአቧራ፣ የጭስና የድንጋይ ሽበት ክምችት ነው። አዲስ ኖራ ምንጊዜም ነጭ ነው፤ ክረምት በተፈራረቀበት ቁጥር ወደ ግራጫ ይሄዳል። ስለዚህ እድሳቱን በቀለሙ መመዘን ገና ነው። መታየት ያለባቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ መገጣጠሚያው ከድንጋዩ ፊት ገባ ብሎ ቆሟል ወይስ ድንጋዩን ሸፍኖ ተለጥፏል? ከከባድ ዝናብ በኋላ ውሃው በአሸንዳ ይወርዳል ወይስ በግድግዳው? የተተካው ድንጋይ ከአሮጌው ተለይቶ ይታወቃል? እነዚህን ራሳችሁ ቆማችሁ ልታዩአቸው ትችላላችሁ፤ አስተማማኙ መልስ የሚገኘው ከሁለት ሦስት ክረምት በኋላ ነው።

አንድ ነገር ግን አሁኑኑ ሊደረግ ይገባል። በእያንዳንዱ ግንብ አጠገብ የትኛው ክፍል የመጀመሪያው፣ የትኛው የጣሊያን ዘመን፣ የትኛው የ1970ዎቹ፣ የትኛው የቅርቡ እንደሆነ በአማርኛ የሚያሳይ ቀላል ሥዕል ቢቆም ጎብኚው በሌላ ዓይን ያያል። እስከዚያው ከአስጎብኚ ጋር ስትስማሙ «የተጠገነውን ካልተጠገነው ለይተህ አሳየን» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ሥራውን የሚወድ አስጎብኚ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ፊቱ ይፈካል።

የፋሲል መዋኛ ከፒያሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ትኬቱ ለሁለቱም የሚያገለግል መሆኑን ስትገዙ ጠይቁ፤ የግቢውን ቁራጭም አትጣሉት። እዚህ ከግንቡ ይልቅ ዓይን የሚይዘው አጥሩን የወረሰው የዛፍ ሥር ነው። ወፍ የጣለችው ፍሬ ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ፣ ሥሩ ድንጋዩን አቅፎ፣ አሁን ማን ማንን እንደያዘ ለመለየት ያስቸግራል። ሥሩ ይቆረጥ የሚል ሰው አይጠፋም። ወፍራም ሥር ተቆርጦ ግድግዳው ውስጥ ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ትቶ ይሄዳል፣ ድንጋዩም ወደዚያ ይናዳል። እርሳስ የሚያህለውን ቡቃያ በየዓመቱ መንቀል፣ ትልቁን ግን ቅርንጫፉን አቅልሎ መተው ነው የሚያዋጣው።

ገንዳው ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፣ ከበዓሉ በኋላ ይፈሳል። መሞላትና መድረቁ በየዓመቱ ስለሚፈራረቅ የገንዳው ግድግዳ የታችኛው ክፍል ከላይኛው ይልቅ ጥገና ይፈልጋል፤ ውሃው የቆመበትን መስመር በቀለሙ ልዩነት ማወቅ ይቻላል። ግንቡን ማጥናት የፈለገ ሰው ገንዳው ደረቅ በሆነበት ጊዜ ይሂድ። በዓሉን የፈለገ ለጥር 11 ሌሊቱን መነሣት አለበት። በእንጨት የተሠራ መቀመጫ ላይ ሰው ሲጨናነቅ ካያችሁ አትውጡ፤ በጥር 2020 እንዲህ ያለው መደርደሪያ እዚያው ተደርምሶ ሰው ሞቷል።

ለግቢው የሚሻለው ሰዓት ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ነው። ፀሐዩ በጎን ስለሚመታ የመገጣጠሚያው ጥላ ይወጣል፣ ጥገናና ነባር ሥራ ይለያል፤ ቀትር ላይ ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል። በክረምት የድንጋይ ደረጃዎቹ ሽበት እያበቀሉ ስለሚያንሸራትቱ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል። ደረጃዎቹ ጠባብና እኩል ያልሆኑ ናቸው፤ ሕፃን ያዘለ ሰው ወይም ጉልበቱን የሚያመው አዛውንት ምድር ቤቱን አይቶ የኢያሱን ግንብ በሜዳው ቢዞር ብዙ አያመልጠውም። አነስተኛ ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ የጨለሙት ክፍሎች ጣሪያ ያለ ብርሃን አይታይም። ግድግዳውን በጥፍር ወይም በቁልፍ መፈተሽ ግን ክልክል ይሁን፤ ኖራው ገና እየጠነከረ ነው።